የጄንሰን ኢንተርሴፕተር አነሣሥ፣ ውድቀትና እድሳት

ሰው በእጁ ከሠራቸው ነገሮች መካከል አውቶሞቢልን ያህል በክብር ተወልዶ በውርደት የሚጣል ጥቂት ነው። ሐውልት በቆመበት ለዘመናት ይኖራል፤ የብራና መጽሐፍ በማኅደሩ ተጠብቆ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። መኪና ግን ከፋብሪካ በወጣ በሃያና በሠላሳ ዓመቱ ላሜራው በዝገት ተበልቶ፣ ሞተሩ ደክሞ፣ አካሉ ለመለዋወጫ ተበትኖ ወደ ብረት ማቅለጫ ይወሰዳል። ከዚህ ዕጣ የሚያመልጠው ጥቂቱ ሲሆን፣ የሚያመልጠውም በሁለት ምክንያት ነው፤ አንድም መጀመሪያ በሠሩት ሰዎች እጅ ልዩ ጥበብ ስለነበረ፣ አንድም በኋላ ያገኙት ሰዎች ሊተዉት ስላልቻሉ።

በእንግሊዝ አገር በዌስት ብሮሚች ከተማ ከ1966 እስከ 1976 የተሠራው ጄንሰን ኢንተርሴፕተር በሁለቱም ምክንያት የተረፈ መኪና ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለሁለት በር፣ ባለአራት መቀመጫ፣ ውስጡ በቆዳ የተለበጠ፣ በሰዓት ከ210 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ የቅንጦት ኩፔ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ የተመረተው 6,400 ያህል ብቻ ነው። ከእነዚህ መካከል በሕይወት የቆዩትን ዛሬም የሚገዛቸው፣ የሚያድሳቸውና የሚነዳቸው አለ። ከሚያድሷቸው ሰዎች ብዙዎቹ ግን አሮጌውን ሞተር እንደነበረ ጠግነው አይመልሱትም፤ አውጥተው አዲስ ይተኩበታል። ካምቢዮው፣ ፍሬኑ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ሁሉ የዘመኑ ይሆናል።

በዚህም የተነሣ ከመኪና አፍቃሪዎች ክበብ አልፎ የቅርስ ጠባቂዎችንና የሕግ አውጪዎችን ያከራከረ ጥያቄ ተነሥቷል። ያረጀን ሥራ በአዲስ አካል ማደስ ታሪክን ማዳን ነው ወይስ ታሪክን መደምሰስ? መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ መኪናው ምን እንደነበረ፣ እነማን እንደሠሩትና ለምን እንደወደቀ መመርመር ያስፈልጋል።

የወንድማማቾቹ ሥራ

ከበርሚንግሃም በስተ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው አገር ከድንጋይ ከሰሉና ከጥላሸቱ የተነሣ «ጥቁር አገር» የሚል ስም ወጥቶለት ይኖራል። የኢንዱስትሪ አብዮት ካበቀላቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። ሰንሰለት፣ ምስማር፣ ቁልፍና ሞላ በየመንደሩ ይቀጠቀጥ ነበር። የብረትን ጠባይ ከልጅነቱ የሚያውቅ ሠራተኛ በብዛት የሚገኝበት ይህ አካባቢ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ወደ መኪና ሥራ መዞሩ የሚያስደንቅ አይደለም።

አለን ጄንሰን በ1906፣ ታናሹ ሪቻርድ በ1909 ተወለዱ። ሁለቱም በወጣትነታቸው በበርሚንግሃም የመኪናና የራዲያተር ፋብሪካዎች ሙያ ተለማመዱ። ያገኟትን አንዲት ትንሽ ኦስቲን ሰቨን አካሏን ገፈው በራሳቸው ንድፍ እንደገና ሲሠሯት የዘመኑን መሐንዲሶች ትኩረት ሳቡ። በዚያን ጊዜ የነበረው የአሠራር ልማድ ከዛሬው የተለየ ነበር። ገዢው ሻንሲውንና ሞተሩን ከአንድ ፋብሪካ ይገዛል፤ አካሉን ግን የሠረገላ ሥራ ወራሽ የሆኑ ባለሙያዎች በልኩ ይሠሩለታል። በልክ የሚሰፋ ልብስ እንደማለት ነው። ወንድማማቾቹም በ1931 በዌስት ብሮሚች ወደሚገኝ አንድ የአካል ሠሪዎች ድርጅት ገብተው ሠሩ፤ ቆይተውም ተረከቡት፤ በ1934 ስሙ ጄንሰን ሞተርስ ተባለ።

ድርጅቱ በራሱ ስም የሚሸጣቸው መኪናዎች ቁጥራቸው አነስተኛ ነበር። ኑሮውን የደገፈለት ለሌሎች የሚሠራው ሥራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታንክ ክፍሎችን ሠራ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ዝነኛውን ኦስቲን ሂሊ የተባለ የስፖርት መኪና አካል እስከ 1967 ድረስ በብዙ ሺህ አመረተ። የስዊድኑ ቮልቮ ፒ1800 የመጀመሪያዎቹ መኪናዎችም የተገጣጠሙት እዚሁ ነው። በራሱ ስም ከሠራቸው መካከል ከ1954 ጀምሮ የተመረተው ጄንሰን 541 በፋይበር ግላስ አካሉና ከ1956 ጀምሮ በአራቱም ጎማ ላይ በተገጠመለት የዲስክ ፍሬን ይታወቃል። ባለአራት መቀመጫ ሆኖ አራቱንም ጎማ በዲስክ ፍሬን የሚይዝ የእንግሊዝ መኪና ከእርሱ በፊት አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ድርጅት ትንሽ ነበር፤ ትንሽነቱ ግን የአእምሮ ትንሽነት አልነበረም። የራሱን ሞተር ለመፍጠር የሚያስችል ሀብት ስለሌለው ሞተርን ከሌላ ይገዛል። ድፍረቱንና ጥበቡን የሚያሳየው በተቀረው ነው። ይህ ጠባይ ወደ ኋላ ለምንመለስበት ክርክር ቁልፍ ስለሆነ አንባቢው በልቡ እንዲይዘው ይገባል።

የሦስት አገር ሥራ

በ1960ዎቹ አጋማሽ የጄንሰን ሞተርስ ባለቤትነት ከወንድማማቾቹ እጅ ወጥቶ ኖርክሮስ ወደተባለ ኩባንያ ተዛውሮ ነበር። በ1962 የወጣው ሲ-ቪ8 የተባለው መኪና ፈጣን ቢሆንም መልኩ ሁሉን አላስደሰተም። ምትክ ሲፈለግ የድርጅቱ ነዳፊ ኤሪክ ኒል በራሱ ቤት የተዘጋጀ አዲስ ንድፍ አቀረበ። መሐንዲሱ ኬቨን ቢቲ ግን ንድፉ ከኢጣልያ እንዲመጣ ተከራከረ። በመጨረሻም ኢጣልያ አሸነፈች፤ ኒልም ሥራውን ለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ወንድማማቾች በስማቸው የሚጠራውን ድርጅት ተሰናበቱ። በአንድ በኩል አዲስ ውበት ሲወለድ፣ በሌላ በኩል የሠላሳ ዓመት የቤት ሙያ ወደ ጎን ተገፋ።

ንድፉን ያዘጋጀው ቀደም ሲል የአስተን ማርቲንን ዲቢ4 የነደፈው የሚላኑ ካሮሴሪያ ቱሪንግ ነው። ቱሪንግ በዚያው ዘመን በገንዘብ ችግር እየተዳከመ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን አካሎች የሠራው የቶሪኖው ቪኛሌ ሆነ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሣሪያዎቹ ወደ ዌስት ብሮሚች ተጓጉዘው ሥራው በኬልቪን ዌይ ፋብሪካ ቀጠለ። መኪናው በጥቅምት 1966 በለንደን የኧርልስ ኮርት ትርኢት ላይ ሲቀርብ ተመልካችን የሳበው የኋላው ነበር። ከጣሪያው አንሥቶ እስከ መብራቶቹ አጠገብ የሚወርድ፣ ዙሪያው የተለመጠ አንድ ትልቅ መስተዋት ወደ ላይ ይከፈታል። የመኪናው መታወቂያ እስከ ዛሬ ይኸው መስተዋት ነው።

ከኮፈኑ ሥር ያለው ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ክራይስለር የሠራው ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ ስፋቱ 6.3 ሊትር፣ ቶርክፍላይት ከተባለው ባለሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር ተገጥሟል። ኋላ በመጡት መኪናዎች ሞተሩ ወደ 7.2 ሊትር አድጓል። ሞተሩ ጠንካራ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጉልበቱም የተትረፈረፈ ነበር፤ ነገር ግን በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ቤንዚን ይጠጣ ነበር። የኋላው እግር እንደ ጭነት መኪና በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ መኪናው የኢጣልያ መልክ፣ የአሜሪካ ልብ፣ የእንግሊዝ እጅ ያለበት የሦስት አገር ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

የእንግሊዙ እጅ ድርሻ ከሌሎቹ ያነሰ እንዳይመስል መጠንቀቅ ይገባል። ትላልቆቹ ፋብሪካዎች የመኪናን ጎን በአንድ ምት በሚያትሙበት ዘመን በኬልቪን ዌይ አካሉ ከብዙ ትናንሽ ላሜራዎች ተበይዶ ይያያዝ ነበር። የብየዳው መስመር በሰው እጅ እየተሞረደ፣ እየተሞላና እየተስተካከለ አንድ ወጥ ይሆናል። ቀለም ከመቀባቱ በፊት የባለሙያው መዳፍ በላሜራው ላይ ይንሸራሸራል፤ ዓይን ያላየውን ጉድለት መዳፍ ያገኘዋል። ከዚህ የተነሣ ሁለት ኢንተርሴፕተሮች ሙሉ በሙሉ አንድ አይደሉም። የአንዱ በር ለሌላው ሳይስተካከል አይገጥምም። ይህ ለጥገና ባለሙያው ችግር፣ ለታሪክ ተመራማሪው ግን ማስረጃ ነው፤ ስሙ ያልተጻፈ ሠራተኛ ፊርማውን ያኖረው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነውና።

ከትራክተርና ከአውሮፕላን የመጣ ዕውቀት

ከኢንተርሴፕተር ጋር በአንድ ትርኢት ላይ ኤፍ ኤፍ የተባለ ወንድሙ ቀርቦ ነበር። ስሙ «የፈርጉሰን ስልት» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ነው። ሃሪ ፈርጉሰን ስሙ ከእርሻ ትራክተር ጋር ተያይዞ በአገራችን ጭምር የታወቀው የአየርላንድ ተወላጅ ሲሆን፣ በሕይወቱ ማብቂያ ዓመታት የሞተር ጉልበት በአራቱም ጎማ ላይ የሚከፋፈልበትን ስልት ያጠና ድርጅት አቋቁሞ ነበር። እርሱ በ1960 ቢሞትም ጥናቱ ቀጠለ። ጄንሰንም ስልቱን ለመደበኛ መንገድ በሚሸጥ መኪና ላይ ሲያውል የመጀመሪያው ሆነ። ከሞተሩ ጉልበት 37 በመቶው ወደ ፊት፣ 63 በመቶው ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄድ ነበር።

በዚህ ላይ ደንሎፕ ለአውሮፕላን ማረፊያ ጎማ የሠራው ማክሳሬት የተባለ መሣሪያ ተጨመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ነጂው በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን አጥብቆ ሲይዝ የጎማዎቹ ዙረት በድንገት ከወደቀ መሣሪያው ይሰማዋል። ያን ጊዜ የፍሬኑን ግፊት ለቅጽበት ያላላል፤ ጎማው ሲዞር መልሶ ያጠብቃል። በዚህ ዓይነት ጎማው ሳይቆለፍና መኪናው ሳይንሸራተት ይቆማል። መሣሪያው የሚሠራው በመካኒክ እንጂ በኤሌክትሮኒክስ አልነበረም። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው ዓይነት በመርሴዲስ ላይ የታየው በ1978፣ በአራት ጎማ የሚጎተተው አውዲ ኳትሮ የወጣው በ1980 ነው። በዌስት ብሮሚች ያለ ትንሽ ፋብሪካ ሁለቱንም በአንድ መኪና ላይ አጣምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሟቸው ነበር።

ይሁን እንጂ ቀዳሚነት ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ኤፍ ኤፍ ውድ ነበር፤ የውስጡ አሠራርም መሪውን ወደ ግራ ለማዛወር ስለማይፈቅድ በአሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ ሊሸጥ አልቻለም። እስከ 1971 ድረስ 320 ብቻ ተሠርቶ ቆመ።

ውድቀት

የጄንሰን አወዳደቅ ከአንድ ስህተት የመጣ አይደለም፤ ብዙ ምክንያቶች በአንድ ላይ ተደራርበው ነው። የመጀመሪያው ለሌሎች የሚሠራው ሥራ መቋረጥ ነበር። አሜሪካ በ1960ዎቹ መጨረሻ ያወጣችው የደኅንነትና የጭስ ደንብ ኦስቲን ሂሊን ከገበያ አስወጣ። በዚያው ዓመት በጄንሰን ይገጣጠም የነበረው ሰንቢም ታይገርም ቆመ። የፋብሪካው የዘወትር ገቢ ከሥሩ ተነቀለ፤ የሠራተኛውም ቁጥር ተቀነሰ። በ1968 ኖርክሮስ ድርጅቱን ለአንድ የለንደን ባንክ ሸጠ። በ1970 ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ የእንግሊዝ መኪናዎችን የሚያስመጣው የኖርዌይ ተወላጅ ኬል ክቫሌ ተረከበው። ዶናልድ ሂሊም የቦርዱ ሊቀ መንበር ሆነ።

አዲሱ አመራር ከሎተስ በተገዛ ባለ2 ሊትር ሞተር የሚሄድ ጄንሰን ሂሊ የተባለ ርካሽ የስፖርት መኪና በ1972 አወጣ። ከ10,000 በላይ ቢሠራም ሞተሩም አካሉም በቂ ፈተና ሳያልፉ ወደ ገበያ በመውጣታቸው የዋስትና ጥገናው ትርፉን በላው። ኢንተርሴፕተር ግን በዚያው ጊዜ ከመቼውም በተሻለ ይሸጥ ነበር። ሆኖም በጥቅምት 1973 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሣ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የድፍድፍ ዘይት ዋጋ አራት እጥፍ ያህል ናረ። በ1974 መጀመሪያ እንግሊዝ የኤሌክትሪክ ኃይል ለመቆጠብ ፋብሪካዎቿን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እስከ ማሠራት ደረሰች። በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር የሚጠጣ መኪና ትናንት የክብር ምልክት የነበረው ዛሬ የአላዋቂነት ምልክት ሆነ።

በመስከረም 1975 ድርጅቱ በአበዳሪዎቹ ተቆጣጣሪ እጅ ወደቀ። በግንቦት 1976 በሩ ተዘጋ። ላሜራ የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚሰፋው፣ ሞተር የሚገጥመው ሁሉ ተበተነ። ከፋብሪካው መዘጋት ጋር የጠፋው የሥራ ቦታ ብቻ አይደለም። በመጽሐፍ ያልተጻፈ፣ በእጅ ለእጅ ልምምድ ብቻ የሚተላለፍ ዕውቀት ወራሽ አጣ። የመለዋወጫና የጥገና ክፍሉ ተለይቶ ስለቀጠለ ብቻ የተወሰነ ክር ሳይበጠስ ቆየ። በዚሁ ክር ላይ ተንጠልጥሎ ኢንተርሴፕተርን እንደገና ለመሥራት በ1983 የተጀመረው ሙከራ ከጥቂት መኪናዎች አላለፈም።

የገዢው ዓይን

ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ኢንተርሴፕተር ወደ ሁለተኛው ሕይወቱ ገባ። ቤንዚኑ ውድ፣ ዝናው የወደቀ በመሆኑ ዋጋው እጅግ ቀነሰ። ስለዚህም አዲስ ሲሆን ሊገዙት የማይችሉ ሰዎች እጅ ገባ። መግዛት አንድ ነገር፣ ማኖር ሌላ ነገር ነውና ብዙዎቹ ባለቤቶች የጥገናውን ወጪ ሊሸከሙት አልቻሉም። ዝገት የበላው ላሜራ በአግባቡ በመለወጥ ፈንታ በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም ተቀባበት። ለብዙ መኪና ሞት ምክንያቱ ርጅና ሳይሆን ይህ ዓይነቱ የይድረስ ጥገና ነው።

ስለዚህ ዛሬ ኢንተርሴፕተር የሚገዛ ሰው ሞተሩን ሳይሆን አካሉን አስቀድሞ ይመረምራል። የክራይስለር ሞተር ጠንካራ ነው፤ መለዋወጫው በአሜሪካ በብዛት ይገኛል። አካሉ ግን እንዲህ አይደለም። ከበሩ ሥር ያለውን ተሸካሚ ላሜራ የሚያብረቀርቅ የማይዝግ ብረት ልባስ ይሸፍነዋል። ልባሱ ራሱ ስለማይዝግ ከበስተ ኋላው ያለው መበስበሱ አይታይም። የፓራፋንጎው ጠርዝ፣ የወለሉ ማዕዘን፣ የትልቁ የኋላ መስተዋት ዙሪያ፣ ክሪክ የሚገባበት ሥፍራ ሁሉ ውኃ የሚቋጥርበት ነው። ዐዋቂ ገዢ በቀለሙ ውበት አይታለልም። ልባሱን ያስፈታል፤ በማግኔት እየፈተነ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ይሁን ስቱኮ ይለያል።

ሁለተኛው የሚጠየቀው ሙቀት ነው። ትልቁ ሞተር ጠባብ በሆነ ክፍል ውስጥ ስለተቀመጠ በከተማ ጭንቅንቅ ራዲያተሩ ይቸገራል። ሦስተኛው መዝገቡ ነው፤ የሻንሲው ቁጥር፣ የሞተሩ ቁጥር፣ ማን መቼ ምን እንደጠገነ የሚያሳይ ሰነድ። ለአካሉ ሙሉ እድሳት የሚወጣው ገንዘብ ከመኪናው መግዣ ዋጋ በብዙ እንደሚበልጥ ሻጭም ገዢም ያውቃሉ። በመሆኑም ርካሹ ኢንተርሴፕተር በመጨረሻ ውዱ ሆኖ ይገኛል።

እድሳት ወይስ ለውጥ

መኪናው ከተገዛ በኋላ የሚመጣው ሥራ በሦስት ደረጃ ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው ደረጃ መኪናው በዛሬ መንገድና በዛሬ ቤንዚን እንዲኖር የሚያስችል ጥቃቅን ማሻሻያ ነው። በእንግሊዝ እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን አጠቃላይ ሽያጭ በ2000 መባቻ ተከልክሏል። እርሳሱ የቫልቭ መቀመጫውን ከመበላት ይጠብቅ ስለነበር ቴስታታው ተፈትቶ ጠንካራ መቀመጫ ይገጠምለታል። ከ2021 ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ አልኮል ስለሚይዝ የድሮዎቹ የጎማ ቱቦዎችና ጎሚኒዎች በአዲስ ይተካሉ። ከዚህም ሌላ የአሉሚኒየም ራዲያተርና የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ይጨመራል፤ የእሳት ማስነሻው ኤሌክትሮኒክ ይሆናል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሊመለስ የሚችል፣ የመኪናውን ጠባይ የማይለውጥ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ አነዳዱን ይነካል። ባለሦስት ማርሹ ካምቢዮ ባለአራት ማርሽ በሆነ ይለወጣል፤ በረጅም ጎዳና ላይ ሞተሩ በዝግታ ስለሚዞር ድምፁም ፍጆታውም ይቀንሳል። ካርቡራተሩ ወጥቶ ቤንዚን በልክ የሚረጭ መሣሪያ ይገባል። ፍሬኑ ይተልቃል።

ሦስተኛው ደረጃ ግን መኪናውን ከውስጥ አዲስ ያደርገዋል። በኦክስፎርድሸር በባንበሪ አካባቢ የሚገኝ አንድ ድርጅት ከ2010 ዓመታት አካባቢ ጀምሮ በዚህ ሥራ ታውቋል። አሮጌው ኢንተርሴፕተር እስከ ብረቱ ይራቆታል፤ ዝገቱ ተቆርጦ ይወጣል፤ አካሉ ይስተካከላል። ቀጥሎ ጄኔራል ሞተርስ ለኮርቬት መኪናው የሠራው ዓይነት የአሉሚኒየም ሞተር ይገባበታል። ይህ 6.2 ሊትር ሞተር 430 የፈረስ ጉልበት ሲያወጣ የቀድሞው የክራይስለር ሞተር በዘመኑ አለካክ ወደ 330 ገደማ ነበር። አዲሱ ከብረቱ ሞተር በብዙ ስለሚቀልል የመኪናው አፍንጫ ክብደት ይቀንሳል፤ መሪውም ይፈጥናል። የኋላው ባሌስትራ ወጥቶ እያንዳንዱ ጎማ በራሱ የሚንቀሳቀስበት ሥርዓት ይተካል። ከውጭ የሚያይ ሰው የ1970ዎቹን መኪና ያያል፤ መሪውን የሚይዝ ግን የሃያ አንደኛውን ምዕተ ዓመት መኪና ይነዳል። ሰሙ የቆየ፣ ወርቁ የተለወጠ ቅኔ ማለት ይህ ነው።

ክርክሩ

ጥንታዊ ተሽከርካሪዎችን የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ፊቫ በ1966፣ ኢንተርሴፕተር በወጣበት ዓመት፣ የተቋቋመ ነው። ፌዴሬሽኑ በ2012 የቶሪኖ ቻርተር የተባለውን ሰነድ አጸደቀ። የሰነዱ መሠረት ለሕንፃና ለሐውልት ጥበቃ በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ነው። አሳቡ ሲጠቃለል፣ ጥንታዊ መኪና የዘመኑ የቴክኒክና የኅብረተሰብ ሰነድ ስለሆነ በተቻለ መጠን እንደነበረ ይጠበቅ፤ ለውጥ የግድ ከሆነም ጥቂት፣ የሚታወቅና ሊመለስ የሚችል ይሁን የሚል ነው። ፌዴሬሽኑ ነባር ሞተራቸው ወጥቶ ወደ ኤሌክትሪክ የተዛወሩ መኪናዎችንም ጥንታዊ ብሎ እንደማይቀበል በ2019 አስታውቋል።

አዳሾቹ የሚመልሱት ቀላል አይደለም። ኢንተርሴፕተር ራሱ መቼ ነው አንድ ወጥ ሆኖ የተወለደው? ይላሉ። ጄንሰን ሞተሩን የገዛው ከአሜሪካ ነው፤ በገበያው ላይ ያገኘውን ጠንካራና አስተማማኝ ሞተር መርጦ በእጁ ከሠራው አካል ጋር አገባ። ዛሬ ሌላ የአሜሪካ ሞተር የሚያስገባ ሰው የወንድማማቾቹን መንገድ ተከተለ እንጂ ምን አፈረሰ? በተጨማሪም የሚነዳ መኪና ይጠገናል፤ የሚጠገን መኪና ሙያተኛ ያፈራል። በጋራዥ ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመ ግን ዝገቱን ብቻ ያሳድጋል።

ሕጉ በበኩሉ ለረጅም ዓመታት መካከለኛ መንገድ ይዞ ነበር። የእንግሊዝ የተሽከርካሪ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ከመሠረቱ የተለወጠ መኪና የቀድሞ መታወቂያውን ይዞ እንዲቀጥል ለመፍቀድ በነጥብ ይመዝን ነበር። ነባሩ ሻንሲ ወይም አካል 5፣ እግሩን የሚሸከመው ሥርዓት 2፣ አክስሎቹ 2፣ ካምቢዮው 2፣ መሪው 2፣ ሞተሩ 1 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ከ14 ነጥብ ቢያንስ 8 ማግኘት ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት ሞተርና ካምቢዮ ብቻ የለወጠ መኪና 11 ነጥብ ይቀረዋል። የእግሩን ሥርዓትና አክስሎቹን የጨመረ ግን ወደ 7 ይወርዳል። በ2025 ደንቡ ተሻሽሎ ለውጣቸውን በግልጽ ለሚያስታውቁ ባለቤቶች ሰፋ ያለ በር ተከፍቷል። ቢሆንም የነጥቡ አመዳደብ የያዘው ፍርድ ሊጤን ይገባዋል። ሁሉም «የመኪና ልብ» የሚለው ሞተር በሕጉ ሚዛን የመጨረሻውን ቦታ ይዟል፤ አንደኛውን የያዘው አካሉ ነው።

ይህ ፍርድ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይሆንም። የጎጆ ክዳን በየጊዜው ይታደሳል፤ ሣሩ ቢለወጥ ቤቱ ያው የአባት ቤት ነው። ምሰሶው ተነቅሎ፣ ግድግዳው ፈርሶ በዚያው ቦታ አዲስ ቢቆም ግን ቦታው እንጂ ቤቱ የአባት ነው አይባልም። የኢንተርሴፕተር ምሰሶው የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ቀደም ብሎ በተነገረው ታሪክ ውስጥ ያገኘዋል። ሞተሩ ከሌላ ፋብሪካ ተገዝቶ የገባ ነው፤ በብዙ መቶ ሺህ ከተሠሩት አንዱ ነው። የዌስት ብሮሚች ሠራተኛ መዳፉን ያሳረፈበት፣ የበሩን ልክ በዓይኑ ያስተካከለበት፣ ሌላ አቻ የሌለው አካሉ ነው። ኤፍ ኤፍ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ምሰሶው በውስጡ ያለው የፈርጉሰን ስልትና የማክሳሬት መሣሪያ ስለሆነ ከ320ዎቹ አንዱን አውጥቶ በሌላ መተካት ብቸኛ ቅጂ ከሆነ መጽሐፍ ቅጠል እንደመቅደድ ይቆጠራል።

ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል። ቻርተሩ ትክክል የሚሆነው ለውጥ ሁሉ አንድ እንዳልሆነና መመለስ የማይቻለው እጅግ አደገኛ እንደሆነ ሲያስተምር ነው። አዳሾቹ ትክክል የሚሆኑት አገልግሎት የሌለው ቅርስ ጠባቂ እንደሚያጣ ሲያስገነዝቡ ነው። ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት በጥቂት ቃላት ሊነገር ይችላል። የወጣው ሞተር አይሸጥ፤ ታሽጎ ከሻንሲው ቁጥር ጋር ይቀመጥ። አካሉ ለአዲስ ክፍል ሲባል አይቆረጥ፤ አዲሱ ክፍል ለአካሉ ይመቻች። የተደረገው ሁሉ ይመዝገብ። ላሜራውን የሚያስተካክለው አረጋዊ ባለሙያ ከአጠገቡ ወጣት ይዞ ይሥራ።

ኢንተርሴፕተር የተሠራው ለጥቂቶች ነበር፤ የሠሩት ግን ብዙዎች ናቸው። ይገዙት የነበሩት ዝነኞች ስም በጋዜጣ ተጽፏል፤ ላሜራውን ያለሰለሱት ሰዎች ስም ግን በብየዳው መስመር ላይ ካልሆነ በቀር አልተጻፈም። ያንን መስመር ሳይፍቅ የሚያድስ ሰው፣ የቱንም ሞተር ቢያስገባ፣ ከታሪክ ፊት አንገቱን አይደፋም። መስመሩን ደፍኖ የሚያብረቀርቅ ቀለም የሚቀባበት ግን፣ እያንዳንዷን ብሎን በፋብሪካው ዘመን ብሎን ቢተካ እንኳ፣ ያዳነው መልኩን ብቻ ነው።